የተወተፈው የሞተር ትንፋሽ

እጅጉ ሞተር ማዳመጥ የተማረው በጦሩ ጋራዥ ነው። ደርግ ሲወድቅ መፍቻዎቹን በከረጢት ይዞ ፍኖተ ሰላም ገባ። ከቡሬ መንገድ ዳር የቆርቆሮ ጥላ ተከለና እዚያው አረጀ። ነገር ሲበዛበት «እስኪ ይሁና» ይላል እንጂ ከሰው አይጣላም።

የእህቱ ልጅ ገነነ አንዲት ባለ ቱርቦ አሮጌ የናፍጣ መኪና ገዝቶ ከመጣ ወዲህ ግን ሰላም አጣ። መኪናዋ ዘይት ታንጠባጥባለች። የሞተሩን የላይ ክዳን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ቀየረላት፤ ከፊት ማፍሰስ ጀመረች። የፊቱን ማሸጊያ ጎማ ቀየረ፤ ከኋላ መጣ። አንዱን ሲደፍኑት በሌላው የሚወጣ፣ የአይጥ ጉድጓድ ዓይነት ነገር ሆነበት።

በጥር፣ በሰርጉ ሰሞን፣ ገነነ ደግሞ መጣ።

«አጎቴ፣ ዛሬ ቶሎ ይልቀቁኝ። ቡሬ ላይ ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ ጭኜ ዓባይ በረሃ መውረዴ ነው።»

«ዘይት እያፈሰስክ? ሙሽራዋ ስትመለስ መንገዱ እንዳይጠፋት ነው?»

ሞተሩን አስነሥቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ። ክዳኑ ከእጁ ተስፈነጠረ፤ ትኩስ ዘይት ፊቱ ላይ ተረጨ። እጅጉ ፊቱን ሳይጠርግ ቆመ። ለካ ጥፋቱ የማሸጊያዎቹ አይደለም፤ ውስጧ ታፍኗል። ሞተሩ የሚተነፍስበትን ቱቦ በጣቱ ተከትሎ ጫፉ ላይ ደረሰ። በፌስታል የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎበታል።

«ይህን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ! በዚያ በኩል ይንጠባጠብ ነበር። የአረቄ ጀሪካን በምን ይወተፋል ታዲያ?» ገነነ ሳቀ።

እጅጉ አልሳቀም። ቆረቆንዳውን ነቅሎ፣ ለሞተሩ አየር ከሚነፋው ቱርቦ የሚወጣውን ቱቦ ፈታ። ዘይት አቁሮበታል። ትንፋሹ ሲታፈን ዘይቱ መመለሻ አጥቶ በቱርቦው በኩል ወደ አየሩ ሲገባ ኖሯል።

«ስማኝ ልጄ። ሞተር የራሱን ዘይት መጠጣት ከጀመረ ቁልፉን ብታጠፋ አይሰማህም። እስኪፈነዳ ይጮሃል። ቱርቦውን ሳልፈታው ቁልቁለት አትውረድባት።»

«ስመለስ ይፈቱታል። ነቀሉላት አይደል? ተነፈሰች በቃ። ሙሽራ አስቀርቼ ከሰው ፊት በምን ዓይኔ ልቆም?»

ሙሽራ ካረፈደ ሁለት ቤተሰብ እንደሚቀያየም እጅጉም ያውቃል። ቱቦውን በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ገጠመው። እጁን ታጠበ፤ ካቦርቱን ደረበና ከገነነ ጎን ተቀመጠ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ቀርተህ ብትገኝ እናትህን ምን ልበላት?»

ቡሬ ላይ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከኋላ ተጠቀጠቁ። ከተማውን አልፈው መንገዱ ወደ ቆላው መጠማዘዝ ሲጀምር ገነነ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣ። የቱርቦው ፉጨት ግን አልወረደም። እየቀጠነ፣ እየከረረ ወጣ። በመስተዋቱ ውስጥ መንገዱ በነጭ ጭስ ተሸፈነ። ገነነ ቁልፉን አጠፋ፤ ደግሞም አጠፋ። ከዚያ አጎቱን አየ።

«ማርሹን አትፍታ፤ ፍሬኑን ያዝ፤ ታንቃ ትጥፋ» አለ እጅጉ፣ ከኋላ እንዳይሰማ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ።

ሚዜዎቹ የሞተሩ ጩኸት ዘፈናቸውን ቢውጥባቸው ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።