ንቦቹ የሚያውቁት ሻርፕ

ልጅ ሳለሁ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ቤታችን፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰይድ ከመግሪብ በኋላ ፍሙን እየቆሰቆሰ የንብ ተረት ይነግረኝ ነበር። ቀፎው ከራስጌያችን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀፎውን ያጠነበት የኩበት ጢስ በኩራዙ ዙሪያ ያንዣብባል። አጎቴ እንደሚለው፣ ምግብ ያገኘች ንብ ቀፎ ገብታ በጨለማው ትጨፍራለች፤ እህቶቿም ገላዋን አሽትተው፣ ጭፈራዋን ተከትለው መንገዱን ያውቁታል። ጆሮዬን ቀፎው ላይ ስለጥፍ ውስጡ ሰው የሚያንሾካሹክ ይመስለኝና ጸጉሬ ይቆም ነበር።

ያኔ የእናቴ አርባ እንኳ አልወጣም። በበጋ፣ አበባ ሲጠፋ፣ ስኳር በጥብጣ በሳህን ንቦቹን የምታበላው እሷ ነበረች፤ ጸጉሯን በአደስ ቅቤ ስለምትቀባ እጇም ሻርፗም አደስ አደስ ይል ነበር። ሻርፗን አቅፌ ነበር የምተኛው። አንድ ጠዋት ግን አፍንጫዬን ብቀብርበትም ምንም አልሸት አለኝ። እናቴ እንደገና የሞተች መሰለኝ።

ፀሐይ ሲመታው ሽታው ቢመለስ ብዬ፣ እያለቀስኩ ሻርፑን አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ንብ መጣች። ጎኑ የተሰጣውን የአጎቴን ጋቢ አልፋ ሻርፑ ላይ አረፈች፤ ምላሷን አውጥታ ክሩን ትዳብስ ጀመር። ሽታው አለ ማለት ነው፤ የጠፋው ከእኔ ነው።

«አጎቴ፣ ለሌሎቹ ትነግራቸዋለች?» አልኩት።

«ምግብ ሳታገኝ ምኑን ትነግራለች ልጄ? ባዶዋን ትመለሳለች እንጂ።»

ሮጬ ገባሁና ስኳር በጥብጬ የእናቴን ሳህን ከሻርፑ ስር አስቀመጥኩ። ንቧ ጠጥታ ሄደች። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ የአስር አዛን ሲሰማ ሻርፑ በንብ ተሸፍኖ፣ ቅንጣት ነፋስ ሳይኖር፣ ሰው የለበሰው ይመስል ከፍ ዝቅ ይል ነበር። አጎቴ «ቢስሚላሂ!» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ከአጠገቡ ንቅንቅ አላልኩም። አንዷም አልነደፈችኝም።

ዛሬ የምኖረው ባጃጅ ሲንጫጫ በሚውልበት በሐይቅ ከተማ ነው። የያኔዎቹ ንቦች ካለቁ ዘመን አልፏል፤ አጎቴም አፈር ከገባ ቆየ። ሻርፑን ግን በየበጋው መስኮቴ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ሳህኗንም ከስሩ አኖራለሁ። የመጀመሪያዋ ንብ ስትመጣ ያ የድሮ ፍርሃት ይወረኛል፤ ቢሆንም ጠጥታ እስክትሄድ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃታለሁ። ባዶዋን ከተመለሰች ስለ እናቴ ለማንም አትነግርም።