ከደጋፊዎቹ መሃል የሚቀመጡት ሽማግሌ

በግዛቱ ምክር ቤት አዳራሽ ሰው ማንም ሳያዘው እንደ ሙሽራና ሙሽሪት ወገን ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። በስተቀኝ ረቂቅ ሕጉን የሚደግፉ፣ በስተግራ የሚቃወሙ። ረቂቁ፣ ሲወለዱ ወንድ የተባሉ ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ከሴቶች ቡድን ጋር እንዳይሮጡ ይከለክላል።

ሽማግሌው በስተቀኝ ናቸው። ሰፊ ባርኔጣቸውንና የከብት በረት ጭቃ የደረቀበትን ቦት ጫማቸውን ያየ ሁሉ «የኛ ሰው!» ብሎ ይጠጋላቸዋል። ብስኩት ሲያቀርቡላቸውም እምቢ አይሉም፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይበላሉ።

የመናገር ተራቸው ሲደርስ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፦

«የልጅ ልጄ ስትወለድ ወንድ ነው ብለን ተሳስተን ነበር። መሮጥ ትወዳለች። ተዉአት ትሩጥ» አሉ።

አጠገባቸው ተቀምጣ ብስኩት ያቀረበችላቸው ሴትዮ ማኘኳን አቆመች። እሳቸው ተመልሰው እዚያው አጠገቧ ዘፍ!

የተቃዋሚዎቹ አስተባባሪ ማርሊስ ኮሪደር ላይ ያዘቻቸው።

«ምነው አባባ፣ እኛ ጋ ቢቀመጡ? እነዚያ እኮ በዓይናቸው ሊበሉዎት ነው!»

«እናንተማ ልጅቷን ወዳችኋታል፣ ልጄ። ኪሴ ያለውን ፎቶዋን ለናንተ ባሳይ ምን ይረባል?»

የሁለቱን ወገን ንግግር የሰማው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ረቂቁን አሳለፈው። የቀረው የላይኛው ምክር ቤት ነው፤ እዚያ ካለፈ ልጅቷ ከቡድኑ ትወጣለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ሽማግሌው ገብተው በቀጥታ ወደ ቀኝ አመሩ። ያቺው ሴትዮ ስታያቸው ፊቷን አዞረች።

ቦርሳዋን ግን ከጎኗ ወንበር ላይ አነሳችላቸው።