ታይቷል

ዳሰሴ ስሙ አይደለም፤ ጋራዡ ያወጣለት ነው። የመኪና ሽቦ ሲበላሽ እንደ ሌሎቹ ኤሌክትሪሺያኖች ባትሪ አብርቶ መሪ ሥር አይጎነበስም። ዓይኑን ይጨፍንና ጣቶቹን በሽቦው ላይ ከላይ ወደ ታች ያንሸራትታል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆም ይልና «እዚህ ጋ ነው» ይላል። ልባሱ ይላጣል፣ ይታያል፣ እውነትም እዚያው ጋ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሲሳሳት አላየሁም። እውነቱን ልናገር፣ አለመሳሳቱ ያናድደኝ ነበር።

እኔ የመለዋወጫ ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ። እሱንና እኔን የምታገናኘን አንዲት መስኮት ናት፤ እሱ ከወዲያ ሆኖ ዕቃ ይጠይቃል፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ አለ ወይም የለም እላለሁ። መካኒኮቹ ዕቃ ሲፈልጉ ያቆላምጡኛል፣ ያስቁኛል፣ ፀጉርሽ አምሮብሻል ይሉኛል። ሰው ሲለምነኝ ደስ ይለኛል፤ አሁን ብደብቀው ምን ይረባኛል? ዳሰሴ ግን መለመን አያውቅበትም። የዕቃውን ቁጥር ይናገርና መዳፉን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል፣ የእናቱ ጓዳ ይመስል።

እናት እንኳ የለውም። ወላጆቹ ሲሞቱ አራት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። እትዬ ይላቸዋል፣ እኛም እትዬ እንላቸዋለን። እሳቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ትምህርታቸውን ትተው ስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ መርፌ ሲወድቅባቸው ወለሉን ዳስሶ የሚያገኘው ትንሹ ወንድማቸው ነበር። ያን ሁሉ ያደነቅንለት ጣት እዚያ ወለል ላይ ነው የሠለጠነው። የመጀመሪያዋን ካቻቢቴ የገዙለትም እሳቸው ናቸው። የሙሽራ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ የሰው ሙሽራ ሲያለብሱ የራሳቸው ጊዜ አለፈ። አንድ ጎማ ሠራተኛ በዚህ ሊቀልድ ሞክሮ ዳሰሴ የብሎን መፍቻ ወርውሮ ሳተው፤ ያን ቀን ጣቱ ብቻ ሳይሆን ክንዱም ቢያውቅበት ኖሮ ሰውየው በሕይወት አይኖርም ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት እትዬ ልብሶቹን የሚያደርሱባት ትንሽ መኪና ገዙ። የመረጠላቸው እሱ ነው። «ይህቺን ግዢ፤ ለሽቦዋ እኔ አለሁልሽ» አላቸው።

ከዚያ የእሷን ዓይነት መኪና ከሚሠራው ፋብሪካ ደብዳቤ መጣ። በእንዲህ ዓይነት ዓመት የተሠሩ መኪናዎች ሁሉ ተጠርተው ይመለሱ ይላል። ከመሪው ሥር የሚወርደው የሽቦ ጥቅል የሚያልፍበት ብረት ጠርዙ ስለት ሆኗል። መሪው በዞረ ቁጥር ሽቦው ይታሻል፣ ልባሱ ይላጣል፤ የተላጠው ሽቦ ብረቱን የነካ ዕለት ኮንታክት ይፈጥርና መኪናው በእሳት ይያያዛል። የተላጠውን በናስትሮ ፕላስተር መጠቅለል ክልክል ነው። ጥቅሉ እንዳለ ወጥቶ በአዲስ ይቀየር። እስኪቀየር ድረስ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ። ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መካኒኮቹ «ሰውን እግዜር ይጠራል፣ መኪናን ፋብሪካው ጠራ» እያሉ አንድ ሳምንት ሳቁ።

የተጠሩት ከሁለት መቶ በላይ ሆኑ፤ የደረሰን አዲስ ጥቅል አርባ ካርቶን ነው፣ ለአንድ መኪና አንድ ካርቶን። የጋራዡ ኃላፊ ለተረፉት ባለመኪናዎች አትንዱ ብሎ መናገር አልፈለገም፤ አትንዱ ካልናቸው መጓጓዣ ስጡን ይሉናል፣ ይጮሃሉ፣ ስማችን ይጠፋል አለ። አንድ ቀን ጠዋት «ተሠርቷል» የሚል ማህተም አስቀርጾ መጣ። ዳሰሴ አልመታም አለ። ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ እንደማይፈርም ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ፣ ሦስት ቀን ተኳረፉ። በአራተኛው ቀን መላውን ያገኘው ራሱ ዳሰሴ ነው።

«ያየሁትን አይቻለሁ ልል እችላለሁ። ታይቷል በሉት፣ እፈርማለሁ።»

ኃላፊው እንደ ልጅ አቀፈው። በማግስቱ «ታይቷል» የሚል ማህተም መጣ።

እኛ ቤት ታይቷል ማለት ገና አልተነካም ማለት ነው። ይህን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ ነን። ሐኪም ቤት ሄጄ ታየሁ የሚል ሰው ዳንኩ ማለቱ አይደለም፤ መኪናህ ታይቷል የተባለ ሰው ግን አለቀልኝ ብሎ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። ዳሰሴ በዚህች ቃል ይኮራ ነበር። አንድም ውሸት አልፈረምኩም ይላል። እውነቱን ነው፤ እያንዳንዷን መኪና መሪ ሥር ገብቶ በጣቱ ያያት ነበር።

እትዬ የመጡት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት ሠላሳ ዘጠነኛው ካርቶን ወጥቷል። አርባኛው ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ከማጽጃ ጨርቅ ጋር ነበር። የባለቤቴም መኪና ከተጠሩት አንዷ ናት። እሱ ለሥራ ሩቅ ሄዶ ነበር፣ መኪናዋም ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ገና እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የሚነዳት የለም። ቢሆንም አስቀመጥኩላት። አስቀማጭ ሁሉ ለራሱ ያስቀምጣል፤ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም።

ዳሰሴ ወደ መስኮቱ መጣ። ቁጥሩን አልጠራም፣ መዳፉንም አልዘረጋም።

«እባክሽ» አለኝ። «አንድ አይጠፋም። ለእትዬ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ካርቶኑን ጫማዬ ይነካው ነበር። ብሰጠው ይህን እባክሽ ነገ ይረሳዋል፣ ብነፍገው ግን ደግሞ ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ይህን በእውነት አስቤያለሁ።

«የለም» አልኩት። «ሰኞ ሳምንት ይገባል።»

መሪ ሥር ገብቶ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሽቦውን ዳሰሰ። እዚያው ብረቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ልባሱ ሳስቷል፣ ሽቦው ግን ገና አልወጣም፤ ይህን በኋላ ነው የነገረኝ። ያ ደብዳቤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ክልክል የተባለውን ናስትሮ አወጣና ሦስት ዙር ጠቀለለው። ወረቀቱ ላይ ማህተሙን መታ፣ ፈረመ። እትዬ የልክ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል፤ ኃላፊውም ከጎናቸው ቆሞ ስለ ልጁ የሠርግ ልብስ ያዋራቸዋል።

«አለቀልኝ?» አሉት።

«ታይቷል እትዬ።»

አፉን ደግሞ ሲከፍት አየሁ። ኃላፊውን አየ፣ መካኒኮቹን አየ። ለሁሉም ሰው ሽቦ የሚቀይር ሰው ላሳደገችው እህቱ አንድ ጥቅል አጣሁላት ብሎ በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት መናገር ከበደው። አፉን መልሶ ዘጋው። እትዬ ወደ መካኒኮቹ ዞረው የኔ ልጅ ጣት ያየው ነገር አለቀ ማለት ነው አሉ፣ ሁሉም ሳቁ። እሱ ቀስ ብለሽ ንጂ ብቻ አላቸው። ከመቼ ወዲህ ነው የምፈጥነው ብለው ሄዱ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ለእሑድ ሙሽራ ቀሚስ ሊያደርሱ ሲሄዱ ከጉልበታቸው ሥር ጭስ ወጣ። መኪናዋን አቆሙ፣ ወረዱ፣ ዳር ቆሙ። ድነው ነበር። ነገር ግን ሦስት ወር የሰፉት ነጭ ቀሚስ ኋላ ወንበር ላይ ነው። የኋላው በር አልከፈት አለ፤ በፊተኛው ገብተው እጃቸውን ዘረጉ። ቀሚሱን ያዙት፤ ዳንቴሉ ግን ቀልጦ እጃቸው ላይ ተጣበቀ። ሙሽራዋ በማግስቱ በኪራይ ቀሚስ ተዳረች፤ እንዴት ዋሉ ብላ ሰው እንኳ አልላከችም።

ሰኞ ጠዋት ሃምሳ ካርቶን ገባ። ዳሰሴ የዕቃ ሣጥኑን ሊከፍት ሲሄድ ክዳኑ ላይ በጠመኔ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ተብሎ ተጽፏል። ጎማ ሠራተኛው እንደጻፈው ሁላችንም አወቅን፤ ያጠፋው ሰው ግን የለም። ዳሰሴ በእጅጌው ጠረገውና ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

በሩ ክፍት ነበር፣ ሰማሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይህ ፊርማ የማን ነው ይለዋል። የእኔ ነው ይላል። ቃሉን ያወጣው ማን ነው ይለዋል። እኔ ነኝ ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ከዚያ ኃላፊው ድምፁን እንኳ ሳያነሳ ደመደመው።

«አይተህ ለቀህ ከሆነ ጥፋተኛ ነህ። ሳታይ ፈርመህ ከሆነም ጥፋተኛ ነህ። አንዱን ምረጥና ጻፍልኝ። ደግሞ እህትህን ያቃጠላት መኪናው አይደለም፤ ወጥታ ነበር። ቀሚሱ ነው ያቃጠላት።»

ዳሰሴ «አይቼዋለሁ» ብሎ ጻፈና ወጣ። ካቻቢቴዎቹን ሰብስቦ ሲሄድ በመስኮቴ በኩል አለፈ። አንድ ካርቶን እንኳ አልቀረም ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም። አልጠየቀኝም። የለም ካልኩ የለም ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የዕቃ ክፍል ሰው ቃል እንደ እሱ ጣት የማይሳሳት መስሎት።

በእሱ ቦታ የተተካው ኤሌክትሪሺያን አርባኛውን ካርቶን ለባለቤቴ መኪና ገጠመው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይለምናል፣ ያስቃል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ባለቤቴ በዚያችው መኪና እስከ ሆስፒታሉ በር አደረሰኝ። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፣ የእሳቸው መስኮቱ ጋ ነው። ሁለቱም እጃቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል። ከቀኙ ሦስት ጣት ተቆርጧል፤ ግራው ቢተርፍም ከእንግዲህ አይታጠፍም ተብሏል። ዳሰሴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሾርባ ሳህን ይዟል። ጢሙ አድጓል። ማንኪያውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጋ ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጎናቸው የተኛችው ሴት በየቀኑ እንዲህ ነው አለችኝ። ከእሱ እጅ አይበሉም፤ ነርሷ እስክትደርስ ጦማቸውን ይውላሉ።

«ታይቷል አላልከኝም?» አሉት ወደ ግድግዳው እንደዞሩ።

«ብያለሁ።»

«ምን ታየህ ታዲያ?»

ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለሰ። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። እኔ ነኝ እትዬ አልኳቸው። ዞር ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ፤ ከጋራዡ የጠየቅኳቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳህኑን ከእጁ ወሰድኩት፣ እሱም ቦታውን ለቆልኝ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። እዚያ ጋ ልናገር እችል ነበር፤ አንድ ቃል ናት። ካርቶኑ ነበረ ብል ያን ፊታቸውን ከእኔ ላይ አንስተው ወደ እሱ ይመልሱት ነበር። ይህን ሳልረዳ ቀርቼ አይደለም። ማንኪያውን ሞልቼ አስጠጋሁላቸው፣ አፋቸውን ከፈቱ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ በሉ።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩና አፋቸውን ጠረግኩላቸው።