ባለሱቁ ያለው

ትናንት ጅዳ ውስጥ በአንድ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ደጃፍ ሳልፍ የገንዳው ውሃ ሽታ አቆመኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አክስቴ እዚሁ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ አረብኛዋ ከ«የላ» እና ከ«ኸላስ» ስለማያልፍ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ማዳሟ ልጇ በገንዳ ከሚያሳድጋት ኤሊ ጋር አብሮ የሚኖር ዓሣ እንድትገዛ ላከቻት። እኔ ደግሞ ጅራቱ እንደ ሻሽ የሚንሳፈፈውን ቀዩን ዓሣ ወደድኩት። ባለሱቁ በአረብኛ፣ «ይሄ ቀርፋፋ ነው፤ ኤሊዋ ትበላዋለች። ፈጣኖቹን ውሰዱ» አለ።

«ምን አለሽ?» አለች አክስቴ።

«ይስማማሉ አለ።»

በማግስቱ ገንዳው ውስጥ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ማዳሟ «ሆን ብለሽ ነው» ብላ አክስቴን አባረረቻት። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋም፣ ማዳሟ እጅ ቀረ። ከወራት በኋላ መንገድ ላይ ተይዛ ሹመይሲ እስር ቤት ገባች። ወደ አገር ቤት ሊመልሷት ሲሉ ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ያ ባለሱቅ ምን ነበር ያለው?»

«ይስማማሉ ነው ያለው።»

«እንግዲህ ዋሽቶናል። አላህ ይቅር ይበለው» አለች።

ትናንት የዚያኛው መሸጫ ባለሱቅ «ተፈደሊ፣ ግቢ» ሲለኝ ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አቃተኝ።