ማርቆስን የሰጠሁ ዕለት

ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን እዚያ መምህርት ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ልብስ ማጠብ እንኳ ያስጠላል። ከጎረቤቴ ጋር ባሮ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሰሌን ዘርግተን እንጋደማለን። እሷ የአኙዋ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቢሮ ጸሐፊ ሆና ታይፕ ትመታለች። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የለመደችው፤ እንቆቅልሽ ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ። ምነው ባላስተማርኳት ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሁለት ወር ውስጥ በለጠችኝ። የእኔዎቹ ከልጅነቴ ጀምሮ ያረጁ ናቸው፤ እሷ እዚያው እንደተጋደመች አዲስ ትፈጥራለች። እኔ ደግሞ መሸነፍ አይሆንልኝም፤ ወዲያው ፊቴ ይጠቁራል።

ያን ዕለት የደበቅኳት ነገር ነበር። ዝውውር ጠይቄ ወደ ተወለድኩበት ወደ ደብረ ማርቆስ ተፈቅዶልኛል። ወባው ደጋግሞ ጥሎኛል፣ እናቴም ነይ ነይ ትላለች፤ ምክንያት አላጣሁም። ለእሷ የምነግርበት አፍ ነው ያጣሁት።

«እንቆቅልሽ» አለች።

«ምን አውቅልሽ?»

«ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ከቦታው ግን አይጠፋም።»

ሰዓት አልኩ፣ ፀሐይ አልኩ፣ ወፍጮ አልኩ። አይደለም አለች። በመጨረሻ ተናድጄ «በቃ፣ አላውቀውም» አልኳት።

«አገር ስጪኝ።»

ወጉ ይኸው ነው፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ ያሸነፈው እዚያ ገብቶ እየበላ እየጠጣ ሰጪውን ይሰድባል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። ሁልጊዜ ጎንደርን ወይ ሐረርን ነበር የምሰጣት። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ጋምቤላን ሰጠሁሽ» አልኩ።

ቀና ብላ ተቀመጠች። «ጋምቤላማ የእኔ ናት። የራስሽን ስጪኝ።»

«የራሴ የቱ ነው?»

«ማርቆስ ነዋ። መሸኛሽን የምመታው እኔ አይደለሁ? ዓርብ ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል።»

ክው አልኩ። «እሺ፣ ማርቆስን ሰጠሁሽ» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እሷም ወጉን አላጓደለችም። «ማርቆስ ገብቼ ምን አጥቼ፤ ቅቤው ለእኔ፣ ማሩ ለእኔ፣ ነፋሻው አየር ለእኔ። አንቺ ግን ጋምቤላ ቅሪ፤ ከሙቀቱ ጋር፣ ከወባው ጋር፣ ከእኔም ጋር።»

አንቺ ማርቆስ ገባሁ አላልሽም እንዴ ልላት ነበር፤ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሳይ ተውኩት። መልሱን የነገረችኝ በአገጯ ወደፊት እያመለከተች ነው። ባሮ። ፊት ለፊቱ ተጋድመን ነው እኮ የዋልነው።

ሰኞ ቢሮዋ የሄድኩት መሸኛው ይቅርብኝ ልል ነበር። ተመትቶ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም አርፎበት ጠበቀኝ፤ አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። እንዲህ አጥርታ የጻፈችው ሂጂልኝ ስትል ነው ብዬ ውስጤ ነደደ። ቁጣዬ ስንት ነገር አሳጥቶኛል። ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ለእኔ ብላ እንዳሳመረችው የገባኝ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ዛሬ ማርቆስ ነው የምኖረው። የወንድሜ ልጆች እሑድ እሑድ እንቆቅልሽ ይሉኛል፤ ስሸነፍ ጎንደርን እሰጣለሁ፣ ሐረርን እሰጣለሁ። በቀደም ትንሿ ሁለቱንም ሰለቸቻቸውና «ማርቆስን ስጪኝ» አለች።

እሱስ የሰው ነው አልኳት።