መቶ ሠላሳ ፈረስና እማማ ሃቢባ

ከሆሳዕና ሀቢቾ ሚኒባስ የሚነዳው ሙራድ በዕድሜው ሦስት ወረቀቶችን አክብሮ ይዟል። የጋብቻ ውሉ ሣጥን ውስጥ፣ መንጃ ፈቃዱ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ሦስተኛው ግን ላሚኔት ተደርጎ ከመሪው በላይ ተሰቅሏል። ይህ ወረቀት ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ የናፍጣ ሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የቀየሩለት ባለሙያዎች፣ መኪናውን የሞተር ጉልበት በሚለካ ሮለር ላይ አሽከርክረው የሰጡት ውጤት ነው። መቶ ሁለት የነበረው የፈረስ ጉልበት መቶ ሠላሳ ገብቷል። ሙራድ ቁጥሩን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል፤ ልጁ በብሔራዊ ፈተና ያለፈችለት አባት እንኳ ይህን ያህል አይደጋግምም። የወረቀቱን የታችኛውን ረድፍ ግን ከሰው ዓይን እንዲጠብቅለት በለጠፈው «ማሻአላህ» የሚል ተለጣፊ ሸፍኖታል።

ይህን ሁሉ የደከመው ለፍጥነት አልነበረም። ሀቢቾ ሊደረስ ሲል አንድ ኮረኮንች ዳገት አለ። ሞልቶ የጫነ መኪና መሃሉ ላይ ይደክማል፤ ስለዚህም ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ መውጣቱ፣ ሾፌሩም አናቱ ላይ ቆሞ መጠበቁ ልማድ ሆኗል። ቅቤ ነጋዴዋ እማማ ሃቢባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወርደዋል። ዘንድሮ ግን እግራቸው ታመመ፤ ሙራድም «ከእንግዲህ አይወርዱም» ብሎ ቃል ገባላቸው።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ዳገቱ ሥር ሲደርሱ እማማ ሃቢባ የበሩን እጀታ ያዙ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ እማማ።»

«ተቀምጫለሁ» አሉ፤ እጀታውን ግን አልለቀቁም።

ሙራድ በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኸ ገባ። መሃል ላይ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መርፌ ወደ ሁለት ሺህ ወረደ። «ሞተ» አለና ቸኩሎ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀየረ። በዚያች ቅጽበት መኪናው ግስጋሴውን አጣ፤ ጎማው ኮረኮንቹን ጥቂት ፈተገና ቆመ።

«ልጄ፣ ፈረሶቹ ደክሟቸዋል መሰለኝ» አሉ እማማ ሃቢባ። «ልውረድላቸው።»

ሁሉም ወረደ። ጋቢና የተቀመጠው የፊዚክስ መምህሩ አጵሎስ ብቻ ቀረ፤ ቀረብ ብሎም የተለጣፊውን ጫፍ በጥፍሩ ገለጥ አደረገ።

«ሙራድ፣ ይህን ምን ብለህ ሸፈንከው?»

«ዓይን እንዳይበላው ነው፣ ቲቸር።»

«የሰውን ዓይን እንጃ፤ ያንተን ግን ጋርዶታል። ቶርክ፣ ሦስት መቶ ሃያ አምስት ኒውተን ሜትር፣ ሁለት ሺህ ዙር ላይ ይላል። ቶርክ ማለት ጎማውን የሚጠመዝዘው ኃይል ነው። መቶ ሠላሳህ የሚገኘው ሞተሩ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሲዞር ነው፤ ሜዳ ላይ ለሚሮጥ ሰው ደስ ይላል። ቶርኩ ግን የሚበረታው ታች፣ አንተ ሞተ ብለህ ማርሽ የምትቀይርበት ቦታ ላይ ነው።»

«ድሮ እኮ እዚያ ላይ በእርግጥ ይሞት ነበር።»

«ድሮ ቶርኩ ሁለት መቶ ስልሳ ነበራ፤ እዚሁ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ተቀይሯል፤ ያልተቀየረው ሾፌሩ ነው።»

ሙራድ ይህን ዋጥ አደረገና «ታዲያ መርፌው ሲወርድ ምን ላድርግ?» አለ።

«ምንም። ማርሹን ተወው።»

ሃያ ዓመት ለነዳ ሰው ምንም አለማድረግን ማዘዝ ቀላል ነገር አይደለም። ሙራድ በዚያው ምሽት ተለጣፊውን ከታችኛው ረድፍ አንሥቶ ከወረቀቱ ራስጌ ለጠፈው።

በሚቀጥለው ገበያ መኪናው እንደ ልማዱ ሞልቶ ዳገቱን ጀመረ። እማማ ሃቢባ እጀታቸውን ይዘዋል። መርፌው ሦስት ሺህ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ ሁለት ሺህ ሆነ። የሙራድ እጅ ወደ ማርሹ ሄደ። መምህር አጵሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። የሙራድ እጅም ያፈረ መስሎ ወደ መሪው ተመለሰ። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፤ ፍጥነቱ ግን ከዚያ በታች አልወረደም። ማንም ሳይወርድ ዳገቱ አለቀ።

አናቱ ላይ ሙራድ እንደ ወትሮው ጥግ ይዞ ቆመ፤ በጎን መስታወቱም መንገዱን ቁልቁል ይመለከት ጀመር።

«ማንን ነው የምትጠብቀው፣ ልጄ?» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ።

«እርስዎን» አለ ሙራድ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ።

እማማ ሃቢባ እጀታውን ለቀቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔማ ደርሻለሁ። ንዳ።»