ስታማቲያና የማዶው አንሶላ

ስታማቲያ አቴና ውስጥ ፕሲሪ በሚባለው ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ጣራ ላይ ባለ ባር ሃያ ስድስት ዓመት አስተናግዳለች። የሚገርመው ሰኞ ሰኞ፣ በእረፍት ቀኗ፣ ቤቷ አትቀመጥም፤ የሌላ ሰው ጣራ ባር ትወጣለች። አንድ የሎሚ ጭማቂ አዝዛ፣ ሰው ሁሉ ሊያየው ለሚመጣው የኮረብታ ላይ ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ ለአክሮፖሊስ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጠረጴዛዎቹን ከፀሐይ የሚከልሉት ትልልቅ ጃንጥላዎች እንዴት እንደታሰሩ ታያለች።

"ከፍላ የምትሠራ ሴት!" ይሏታል አስተናጋጆቹ። እሷም ትስቃለች።

ነፋስ ትፈራለች። የበጋው የሰሜን ነፋስ ሳይናገር ነው የሚመጣው፤ ያን የሚያህል ጃንጥላ ነቅሎ መንገድ ላይ ከጣለው ሰው ይገድላል። ስልኳ ስለ ነፋሱ የሚለውን አታምንም። የምታምነው ማዶ ጣራ ላይ ልብስ የምታሰጣውን ዴስፒናን ነው። ዴስፒና አንሶላዋን ካወረደች ስታማቲያ ጃንጥላ ትዘጋለች፣ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ሆነች። ዘጋች፤ ነፋስ የለም። ለካ ዴስፒና የእህቷ ልጅ ሠርግ ልትሄድ ኖሯል ያወረደችው! እንግዶቹን ፀሐይ ጠበሳቸውና ተነስተው ሄዱ። አዲሱ የባሩ ባለቤት ሌፍቴሪስ ገና ልጅ ነው፣ ተናደደ።

"እትዬ ስታማቲያ፣ ሁለተኛ ሳልነግርዎ ቢዘጉ ሽርጥዎን አስቀምጠው ይሂዱ።"

ቅዳሜ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ባሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማዶ ዴስፒና አንሶላዋን እየመነጨቀች ታወርዳለች። ስታማቲያ ወደ ጣራው ጠርዝ ሄዳ ተጣራች።

"ዴስፒና! ዛሬም ሠርግ ነው?"

"የምን ሠርግ! ነፋስ ሊመጣ ነው፣ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ነው የዋለው! አንቺ ምን ትገተሪያለሽ?"

ስታማቲያ ሽርጧን ፈታች። አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ጃንጥላ መዝጋት ጀመረች።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?" ሌፍቴሪስ ሮጦ መጣ።

"ሽርጤ ያውልህ። አሁን አስተናጋጅህ አይደለሁም፤ ይልቅ ያኛውን ያዝልኝ።"

"ፀሐዩ እኮ አልገባም!" አለ አንድ እንግዳ።

የመጨረሻውን ስታስር ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ከዚያ ነፋሱ ደረሰ። የጎረቤት ባር ጃንጥላ ከነእግሩ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ተላተመና እዚያው ጣራው ላይ ወደቀ። ደግነቱ ማንንም አልነካም። ሌፍቴሪስ የታሰረውን ጃንጥላ በሁለት እጁ እንዳቀፈ ቀረ።

ነፋሱ ጋብ ሲል ሽርጡን አራግፎ አመጣላት።

"ዴስፒናን ግን፣ ቀጣዩ ሠርግ መቼ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁልኝ።"

"ያላገቡ ሁለት የእህት ልጆች ቀርተዋታል" አለች ስታማቲያ፣ ሽርጧን እያሰረች።